ዲስኩን ማን ቀበረው?

ሰሞኑን ለሳሎን የሚሆን ኮምፒውተር ልናስገጣጥም ወጥተን ነበር። ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ፊልም የሚያሳይ፣ ዘፈን የሚያጫውት፣ ብዙ የማይጮህ ትንሽ ኬዝ። "ዲቪዲ ድራይቭም ይኑረው" ስንል ሻጩ ሳቀብን። አጠገቡ የቆመው ጓደኛውም አጀበው። "እናንተ ልጆች፣ ዲስክ እኮ ሞቷል!" ተባልን።

ይሁን፤ ሞቷል እንበል። የሟች ንብረትስ ለማን ተላለፈ?

መቼም እኛ የቪሲዲ ልጆች ነን። ፊልሙ መሀል ላይ ሲቆም ሁለተኛውን ዲስክ ለመክተት የተጋፋን ትውልድ። የታላላቆቻችን ሠርግ፣ የምርቃት ድግስ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያቶቻችን እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁን የሚታዩበት ቪዲዮ ያለው ቡፌው ውስጥ አቧራ በጠጣ ዲስክ ላይ ነው። የአያቶቻችንን ምርቃት ኔትፍሊክስ አያሳየንም። ዩቲዩብ ላይም የጫነው የለም።

ለነገሩ "ሞቷል" ባዮቹ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ሶኒም ባዶ ብሉ ሬይ ዲስክ ማምረቱን በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ትቷል። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ቁልፍ ሠሪው ሱቁን ሊዘጋ ነው ሲባል፣ በሩ የተቆለፈበት ሰው ይሮጣል እንጂ "ቁልፍ ድሮ ቀረ" ብሎ ደጅ ይተኛል?

ሌሎቹ አዋቂዎች ደግሞ አሉ። "ከገዛችሁ አይቀር 4ኬ ብሉ ሬይ ግዙ" የሚሉ። እነዚህ ኪሳችንንም ቤታችንንም አያውቁም። የ4ኬ ዲስክ በሕጋዊው መንገድ ኮምፒውተር ላይ እንዲጫወት ከድራይቩ ሌላ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተለየ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ኢንቴል ደግሞ ያንን ክፍል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ከተራ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰር አውጥቶታል። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ውድ ድራይቭ ገጥሞ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ሊመጣ ነው። ለመሆኑ ከመካከላችን ስንቱ ቤት ነው የ4ኬ ዲስክ ያለው?

የሚያስፈልገን ተራ ዲቪዲ ራይተር ነው። ሲዲም ቪሲዲም ዲቪዲም ያነባል። ኬዙ ቦታ ካለው በሳታ ገመድ የሚገጠመውን ትልቁን፣ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን ቀጭኑን። የ"ይህን ያህል ኤክስ" ቁጥር አያማላችሁ፤ ዲቪዲ ፊልም ለማየት 1 ኤክስ ይበቃል፣ ፍጥነቱ የሚጠቅመው ለመገልበጥ ነው። ትሪው ወጥቶ ዲስክ የሚቀበለውን ምረጡ። ዲስኩን በቀዳዳ የሚውጠው ያምራል፤ ግን የድሮ ቪዲዮ ካሜራዎች የሚቀዱባትን 8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ዲስክ ቢሰጡት አንቆ ሊይዛት ይችላል።

ክልል ያለው ደግሞ እኛ ጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ዲቪዲም ዓለምን በክልል ከፋፍሏል። እኛ 5 ነን፣ አሜሪካ 1 ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ኦሪጅናል ፊልም ይዞ ሲመጣ ድራይቩ "ክልል ልቀይር?" ብሎ ይጠይቃል። ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። የሚፈቀደው 5 ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። መጀመሪያ በነጻው ቪኤልሲ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ድራይቩን የምንገዛው ፊልም ልናይበት ብቻ አይደለም። ቪዲዮ ቤት በርን የተደረገ ዲስክ ምስሉን የሚይዘው በስሱ በተቀባ ቀለም ነው። ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል። አንድ ቀን ዲስኩ እንደ ድሮው ያብረቀርቃል፣ ድራይቩም ያሽከረክረዋል፣ ግን የሚነበብ ነገር አይኖርም። ያን ቀን ምርጥ የተባለው ድራይቭ ቢመጣ አያቶቻችንን አይመልስልንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ቡፌውን እንክፈት። ዲስኮቹን በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር እንጥረግ፤ ዙሪያውን አይደለም። አንድ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ እንገልብጥ፣ ሌላ ቅጂም እህት ወይም ወንድም ቤት እናስቀምጥ። የተቧጨረውን አንዱ ድራይቭ እምቢ ካለው ሌላ ላይ እንሞክር፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ።

ሻጩ አሁንም ይሳቅ። እኛ ድራይቩን አስገጥመን ወጥተናል። ዲስክ ሊሞት ይችላል፤ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ግን ደግመን አንቀብራቸውም።