ዘይቱ ብቻውን አይመጣም

በሐርጌሳ አብረን ያረጀን ወንድሞቼ፣ ሰሞኑን ሻይ ቤት የምሰማው ወሬ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጄኔል ኢነርጂ የተባለው ኩባንያ ቱሳን በተባለው ቦታ ዘይት ሊቆፍር ነው፣ የታይዋኑ የዘይት ኩባንያ ሲፒሲም ገብቶበታል ስለተባለ፣ የልጆቻችሁን ጥሪት በዘመድ ስም መሬት ላይ ልታፈሱት የተነሳችሁ አላችሁ። ተዉ፣ እባካችሁ!

ከሥር የዘይት ወንዝ የለም፤ ያለው ዐለት ነው። የአሸዋ ድንጋይ ስባሪ በማጉያ መነጽር እዩ፤ ከቅንጣት ቅንጣት መካከል ጠባብ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ውሃው የቆየ ባለቤት ነው፣ ዘይቱ ኋላ የገባ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ውሃው የቅንጣቱን ገላ ለብሶ ይቀመጣል፣ ዘይቱ መሐል ይቀራል። አብረው ሲገፉ አንዱ የሌላውን መንገድ ያጠባል። ውሃ ቀጭን ነውና ይቀድማል፤ ዘይቱ ተቆራርጦ በየቀዳዳው ጠብታ ሆኖ ይታሰራል። ያን ጊዜ ቢገፉት አይነቃነቅም። በዓለም ላይ በዐለቱ ካለው ዘይት የሚወጣው በአማካይ ከሲሶው ብዙም የማያልፈው አንድም በዚህ ነው። ስግብግብ ፓምፕ ደግሞ የሥሩን ውሃ እንደ ሾጣጣ ቆብ ስቦ ጉድጓዱን በውሃ ይሞላዋል።

እዚሁ ሶማሌላንድ፣ ዳጋ ሻቤል ላይ ዘይት ራሱ ወደ ላይ ይፈልቃል፤ በእንግሊዞች ዘመን ተቆፍሮ ግን ለገበያ የሚበቃ አልተገኘም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦጋዴን፣ ሂላላ ላይ በቀን 450 በርሜል ለሙከራ ይወጣል ሲባልም እልል ያልነው እኛው ነን። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የዚያው ቆፋሪ ኩባንያ ውል ተሰረዘ።

እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። ከአንድ በርሜል ዘይት ጋር በአማካይ ሦስት በርሜል ያህል ውሃ ይወጣል ይላሉ፤ ጉድጓዱ ሲያረጅ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ነው፣ አንዳንዴም ከባሕር ውሃ የባሰ፤ ዘይትም አይለየውም። ሐርጌሳ የጌድ ዴብሌን ጉድጓድ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ ከብት አርቢውም በቢርካ (በዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) እና በጉድጓድ ነው የሚኖረው። ያ ጨዋማ ውሃ ወደ ጥልቁ ካልተመለሰ የት ይደፋል?

የሶማሌ ጎረቤቶቻችሁ ለምክር ይጠሯችኋል፤ ቃላችሁ ይሰማል። ስለ ድርሻ የሚከራከር አይጠፋምና እናንተ የውሃውን ጠይቁ፤ የመመለሻው ጉድጓድ በውሉ ተጽፏል ወይ በሉ። በቁፋሮው አካባቢ ያሉትም ማሽኑ ሳይገባ፣ አሁኑኑ፣ የየጉድጓዳቸውን ጨው አስለክተው ወረቀቱን ይያዙ።