«መድኃኒቱን ጨርሻለሁ»

ጀውሃ ቆላ ናት፤ ወባ ያልነካው ጎልማሳ ማግኘት ይቸግራል። የኮአርተምን ክኒን ሦስት ቀን ውጦ መጨረስን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩት አጎቴ ሐኪም ለልባቸው ያዘዘላቸውን 30 ፍሬ አቶርቫስታቲን ውጠው ሲያበቁ፣ በስልክ «ልጄ፣ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፤ አሁን ደህና ነኝ» ማለታቸው አልገረመኝም። በምሠራበት ፋርማሲም ይህንኑ ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ።

ይህ ክኒን ግን የሚጨረስ አይደለም። በደማችን ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ በተለይ ጉበት። ለማምረትም አንድ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን ኢንዛይም ሥራ ያስፈቱታል። ኮሌስትሮል ያጠረው ጉበት የጎደለውን ከደም ላይ ይሰበስባል፤ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ መንገዱን የሚያጠበው ስብም ይቀንሳል። ክኒኑ ሲቆም ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፤ በሳምንታት ውስጥ ኮሌስትሮሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ኮሌስትሮል ዝም ይላል።

የመጀመሪያውን ስታቲን እ.ኤ.አ. በ1973 ያገኙት ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ናቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ከመረመሩ በኋላ፣ ከሩዝ ላይ ከተገኘ ሻጋታ። በ1994 ይፋ በሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕሙማን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለዋል። ሲምቫስታቲን ካልወሰዱት ከመቶ 12 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከወሰዱት የሞቱት 8 ያህል ናቸው። አራት ሰው ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ አራቱ ከእሱ ቤት እንዳይሆኑ እመኝለታለሁ።

የኮሌስትሮልን መጠን የሚለውጥ ሁሉ ያድናል ማለት አይደለም። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ሌላ ፕሮቲን ገትቶ «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ቢያደርግም፣ በሚወስዱት ላይ ሞት በመብዛቱ ሙከራው በ2006 ተቋርጧል። በየሱቁ «ኮሌስትሮል ያወርዳል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

አጎቴ «ሮመዳን ሲገባስ?» ብለው ጠይቀውኛል። አቶርቫስታቲን በቀን አንዴ ነው፤ ሰዓቱ ለውጥ ስለሌለው ካፈጠሩ በኋላ መዋጥ ይቻላል። ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ወይም የሽንት መጥቆር ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ለሚቀጥለው ወር መግዣ ብር ካጠረም ለሐኪሙ ይነገረው፤ ሌላ የሚቀንስ ዋጋ ያለው ስታቲን ሊያዝ ይችላል።