ብርሃን በሽንቁር ሲገባ

ስለ ገጠር ትምህርት ቤቶች ዜና ስንሠራ የለመድናት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በላብራቶሪ እጥረት ምክንያት ተማሪዎች የተግባር ትምህርት አያገኙም»። ዜናውም እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ የአርቦሬ ልጅ ነኝና ይህቺ ነገር ግማሽ እውነት ናት እላለሁ።

ኬሚካል የሚፈልገውን ተዉት፤ እሱ ያለ ላብራቶሪ አይሆንም። ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ ለማየት ግን የአርቦሬ ጎጆ ይበቃል። በሳር የተሸፈነ ጨለማ ቤት ነው፤ ምድጃውም ይጨሳል። በሳሩ መሃል አንድ ሽንቁር ካለች የፀሐዩ ጨረር ጭሱ ውስጥ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይታያል። ጭሱ ባይኖር አናየውም ነበር፤ ብርሃኑ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የጭሱን ብናኝ መትቶ ሲበተን ነውና። እናቶቻችን ይህንን ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተውታል። እኛ ግን «ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል» የሚለውን ሸምድደን ተፈተንን እንጂ ማንም «ቤት ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩ» ያለን የለም።

ሌላም አለ። ደጁን በካርቶን ዝጉና ካርቶኑን በቀጭን ሚስማር ብሱት። (በቀዳዳው ፀሐይን እንዳታዩ፣ ዓይን ያጠፋል!) ከቀዳዳው ትይዩ ነጭ ወረቀት ያዙ። ውጭ ፀሐይ ላይ የቆመችው ፍየል ደብዘዝ ብላ፣ ተገልብጣ ትታያለች። ከራሷ የተነሳው ብርሃን በቀዳዳው አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከእግሯ የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል። ኢብን አል-ሃይተም ከ1000 ዓመት በፊት ስለ ብርሃን ሲመራመር የተጠቀመውም ጨለማ ክፍልና ቀዳዳ ነው። ዲፓርትመንታችን እየተሻማን የምንዋሰው ካሜራስ ከዚህ የተለየ ነው እንዴ? ቃሉ ራሱ በላቲን «ክፍል» ማለት እኮ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን፣ እኛ ጋ ደግሞ በከፊል ስትጋረድ፣ በቅጠል መሃል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ የፀሐይዋን ቅርፅ ይዞ ነበር። በየዛፉ ሥር ነፃ ላብራቶሪ ማለት ነው።

ስለዚህ ለተግባር ልምምድ ወደ ጂንካ የምትወርዱ ልጆች፣ የላብራቶሪ እጥረቱን ዘግቡ፣ መዘገብም አለበት። ግን አምስት ደቂቃ የሬዲዮ ጊዜ ለምኑና ይህንን ሙከራ በአርቦሬ ቋንቋ አቅርቡት። ትርጉሙን እኔ እሠራለሁ፤ ካርቶኑንም አመጣለሁ።