ፎቁን አይተን ምድር ቤቱን ዘለልነው

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሆነን ከስድስት ኪሎ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ወረድን። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ታድሶ «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ የተከፈተውን ግቢ ማለታችን ነው። የግብር አዳራሹን አየን፣ የምኒልክን እንቁላል ቤት አየን፣ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን አየን፤ በዙፋን ቤቱ ፊት ለፊትማ ፎቶ ለመነሣት ተጋፋን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆየን። ከዙፋን ቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት የወረድነው ግን አራት ብቻ ነበርን፤ እኛም ብንሆን ቶሎ ወጣን። ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስናወራ የተነሣው ሁሉ የአንበሶቹ ነገር ነበር።

ይህን የምንጽፈው ጓደኞቻችንን ለማሳጣት አይደለም፤ ራሳችንንም ነው የምንወቅሰው። እድሳቱንም አንነቅፍም። ተዘግቶ የኖረ ግቢ ለሕዝብ ሲከፈት የሚከፋው ማን አለ? ጠባችን ከአጎበኛኘታችን ጋር ነው። ለመሆኑ ያ ምድር ቤት ምንድን ነው?

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን ሚኒስትሮች፣ መሳፍንትና ጄኔራሎች ያጎረበት እስር ቤት ነው። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ከዚያ ታሳሪዎች ብዙዎቹ ወደ ከርቸሌ ተወስደው ተረሸኑ። በዚያች ሌሊት የተገደሉት በጠቅላላው 60 ያህል ናቸው፤ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንንም ከነሱ መካከል ነበሩ። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ጠበቃ አልቆመላቸውም፣ ዳኛ አልተሰየመላቸውም። ለውጡ ያለ ደም ይሄዳል ሲባል የቆየው ፉከራም እዚያ ላይ አበቃ። ንጉሡ ራሳቸው በዚሁ ግቢ ታስረው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ አጽማቸው ከግቢው ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን? ባላባቶች አይደሉ እንዴ!» የሚል አይጠፋም። አንድ ወዳጃችን እዚያው ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ፣ «ወሎ በረሃብ ሲያልቅ እነሱ ግብር ያበሉ ነበር፤ እኔ ለነሱ አላለቅስም» አለን። አልቅስ ያለው የለም። የወሎም ነገር እውነት ነው፤ ረሃቡ ተደብቋል፣ ሕዝብ አልቋል። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር እኮ! ባለሥልጣኖቹ ቃላቸውን እየሰጡ ነበር። የኅዳር 14ቱ ጥይት የገደለው ተጠርጣሪዎቹን ብቻ አይደለም፤ ምርመራውንም ነው። ማን አወቀ፣ ማን ደበቀ የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ሳይመለስ፣ የወሎ ገበሬ አቤቱታ ብይን ሳያገኝ ቀረ። የገበሬው ወገን ነኝ የሚል ሰው ከማንም በፊት በዚህ ሊቆጭ ይገባዋል።

ከዚያስ በኋላ? ያለ ፍርድ መግደል አንዴ ከተለመደ ማን ጋ ይቆማል? ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚያው ግቢ የደርጉ ሊቀ መንበር ተፈሪ በንቲ ከጓዶቻቸው ጋር ተገደሉ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ወርውሮ ሰበረ። ተራው የተማሪ ሆነ። በየመንገዱ የተጣለው ሬሳ የእኛው እኩያ ነበር።

እኛም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ወደተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄደን አልቅሰናል። ደግ አደረግን። ግን እዚያ አልቅሶ እዚህ መዝለል ምን ይባላል? የራስን ሙት ቆጥሮ የሌላውን መተው አይደለም ወይ? ወላጆቻችን «ነግ በኔ» የሚሉት ለወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ለማንወደውም ሰው ጭምር ነው። ለምንወደው ሰው መጮህማ ማንን ያቅተዋል?

ሩቅ መሄድም አያሻንም። ግቢያችን ገነተ ልዑል ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪው ደግፎ ሰልፍ ወጣ። ሙከራው ሲከሽፍ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በመትረየስ ተመቱ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ ወደቁ። በዓመቱ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ ያለበት ነው። ሰልፉን በኩራት እናወራዋለን። ሳሎኑንስ? በየቀኑ በበሩ እያለፍን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ከርቸሌ ፈርሷል፤ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። የፈረሰውን ሄደን ልናይ አንችልም። ምድር ቤቱ ግን አለ፣ ሳሎኑ ያለበትም ቤት አለ። ስለዚህ የምንለው አጭር ነው፦ የሚቀጥለው ጉብኝት ከታች ይጀመር። ማን እንደታሰረ፣ በምን ሕግ እንደታሰረ፣ ማን ዝም እንዳለ እዚያው ቆመን እንነጋገር። ከዚያ ወደ ላይ እንውጣ፤ አንበሶቹ እንደሆነ የትም አይሄዱብንም።

አይሆንም የሚል ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።