የተተከለው ተቈጠረ፤ የጸደቀውስ?

«ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ማንግሮቭ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ወንድሞችና እኅቶች፥ ችግኝ ቈጥሮ ማጨብጨብ ባሕር የማይጠይቅ በሽታ ነውና ታገሡኝ። (ማንግሮቭ በጨው ውኃና በጭቃ ውስጥ ሥር ሰድዶ የሚኖር ዛፍ ነው፤ «ባሕር ዛፍ» መባል ሲገባው ስሙን ከባሕር ማዶ ለመጣው ለሌላው ሰጥተንበታል።)

የዚህ ደን ውለታ ተረት አይደለም። የተጠላለፈው ሥሩ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፤ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የማዕበሉን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ደለሉን ይይዛል፤ አየሩን የሚያሞቀውንም ካርቦን ከአፈሩ ሥር ይቀብራል። ዐውሎ ነፋስ የሚገፋውን የባሕር ሙላት ለመግታት ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ ደን ያስፈልጋል።

ፊሊፒንስ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግማሽ ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ማንግሮቭ ነበራት፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የቀረው 120,000 ገደማ ነበር። ማን በላው? ከጠፋው ግማሽ ያህሉን የዓሣና የሽሪምፕ ኩሬ! መንግሥት ራሱ በርካሽ ኪራይና በብድር አበረታው። በኖቬምበር 2013 እ.ኤ.አ. ሃያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከ6,000 በላይ ሰው ፈጀ፤ ብዙዎቹን የገደለው ወደ የብስ የወጣው ባሕር ነው።

መድኃኒቱስ? ችግኝ! ሹሙም ተማሪውም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቍጥር ይታወጃል። የሚተከለው ግን ብዙ ጊዜ ውኃው በሚበዛበት፥ የባሕር ሣር በሚበቅልበት ዝቅተኛ ጭቃ ላይ ነው፤ ማንግሮቭ በገዛ ፈቃዱ በማይወርድበት ቦታ። አንዱን ማዕበል ይነቅለዋል፥ ሌላውን ውኃ ያፍነዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ውሎ አድሮ የሚተርፈው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው ይላል።

ትክክለኛው ቦታ ሥራ የፈታው ኩሬ ነው። ግድቡ ተንዶ ውኃው እንደ ልቡ ቢገባና ቢወጣ፥ በአቅራቢያው ደን ካለ ዘሩን ባሕሩ ራሱ ያመጣዋል። ሕግም አልታጣም፤ የ1998ቱ የዓሣ ሀብት ሕግ የተተወ ኩሬ ተጣርቶ ወደ ማንግሮቭነቱ እንዲመለስ ያዛል። ነገር ግን ኩሬው ተከራይ አለው፤ ተከራዩም አማላጅ አያጣም። ጭቃው ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ ችግኙ በጭቃው ላይ ተፈረደበት።

«ምንም ካለማድረግ ይሻላል» ለሚሉን መምህራን፦ አይሻልም። የባሕር ሣሩ ይረገጣል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ የዳርቻው ድኻም በወረቀት ላይ የበቀለውን ደን ተማምኖ ከባሕሩ አፍ ላይ ይተኛል።