«ምዝገባው አልፏል» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ከካኩማም ከናይሮቢም ሚኒሶታ ለገባችሁ ነው። «የኢንሹራንስ ምዝገባ አልፏል፤ እስከ ኖቬምበር ጠብቅ» ተብዬ፣ ሰው አምኜ፣ የስኳር ሕመሜን ይዤ አራት ወር ያለ ሐኪም ተቀምጫለሁ። ውሸት ነበር!

ኤምኤንሹር በሚባለው የስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ የሚሞላው ማመልከቻ አንድ ነው። ገቢያችሁንና የመኖሪያ ወረቀታችሁን አይቶ ወደ ሜዲካል አሲስታንስ፣ ወደ ሚኒሶታኬር ወይም ወደ ግል ኢንሹራንስ ይመራችኋል። የጊዜ ገደብ ያለበት የግሉ ነው፤ እሱም ቢሆን ከውጭ አገር አዲስ ለገባ ሰው 60 ቀን ይሰጣል። ሜዲካል አሲስታንስና ሚኒሶታኬር ግን ዓመቱን ሙሉ ያመለከተውን ይቀበላሉ።

ፎርም ለመሙላት ገንዘብ የሚቀበል የራሳችን ሰው አለ፤ ያሳዝነኛል። ናቪጌተር የሚባሉት ረዳቶች በነፃ ያግዛሉ። አስተርጓሚም በነፃ ነው፤ «አማርኛ» በሉ።

ካምፕ ያላችሁም፣ እዚህ ላለው ዘመዳችሁ ስትደውሉ «ፎርሙን ሞላህ ወይ?» በሉት።