በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚታዩ የነገር ለውጦች

በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ሲለወጥ ይኖራል። ውሃ ይተናል፤ ወተት ይረጋል፤ ብረት ይዝጋል፤ እንጨትም ነዶ ዐመድ ይሆናል። ይህን ሁሉ «ለውጥ» ብለን በአንድ ቃል እንጠራዋለን። ነገር ግን የተፈጥሮን ሥራ የመረመሩ ሊቃውንት ለውጥን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው አካላዊ ለውጥ፥ ሁለተኛው ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል። የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት ከቤታችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፤ በየቀኑ የምናየው የቡና ሥርዓት ይበቃናል።

አካላዊ ለውጥ ማለት አንድ ነገር መልኩን፥ መጠኑን ወይም ሁኔታውን ለውጦ ባሕርዩ ግን ያው ሆኖ ሲቀር ነው። ውሃ በብርድ ረግቶ በረዶ ቢሆን፥ በሙቀትም ተንኖ እንፋሎት ቢሆን ውሃነቱን አልለቀቀም፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ክዳን በነካ ጊዜ ተመልሶ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኬሚካዊ ለውጥ ግን የነገሩን ባሕርይ ለውጦ አስቀድሞ ያልነበረ ሌላ ነገር ያስገኛል። የተቃጠለ ወረቀት ዐመድና ጋዝ ይሆናል እንጂ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ ተመልሶ ወረቀት አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ረከቦቱ እንቅረብ። ጥሬው ቡና ታጥቦ ውሃው ሲደርቅለት የተፈጸመው አካላዊ ለውጥ ነው። ተቆልቶ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ግን በፍሬው ውስጥ ያሉት ስኳርና ፕሮቲን እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ያን ጠቆር ያለ ቀለምና ቤቱን የሚመላውን መዓዛ ይፈጥራሉ። ይህ መዓዛ በጥሬው ቡና ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ መቁላት ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ የተቆላውንም ቡና ወደ ጥሬነቱ የሚመልስ ብልሃት የለም። በሙቀጫ ሲወቀጥ ደግሞ ደቀቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነምና ለውጡ እንደ ገና አካላዊ ነው።

ከዚህ በኋላ ጀበናው ይጣዳል። በባሕር ጠረፍ፥ ለምሳሌ በምጽዋ፥ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባላት በአሥመራ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። መፍላት አካላዊ ለውጥ ነው፤ መብሰል ግን ኬሚካዊ ለውጥ ስለ ሆነ በቂ ሙቀት ይፈልጋል። በአንድ ድስት ውስጥ ሁለቱ ለውጦች ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው።

ቡናው ተቀድቶ ስኳር ሲጨመርበት ስኳሩ ከዓይን ይሰወራል፤ ጣዕሙ ግን ይመሰክርለታል። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ሁለት ቃላትን እዚህ ላይ ቢለዩ መልካም ነው። ቅቤ በእሳት ሙቀት ፈሳሽ ሲሆን «ቀለጠ» ይባላል፤ ስኳር በፈሳሽ ውስጥ ሲሰወር ግን «ሟሟ» ይባላል። ሁለቱም አካላዊ ለውጦች ናቸው። ጨው በባሕር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሳለ ባሕርዩን ስላልለወጠ፥ ውሃው በፀሐይ ሲተን ነጭ ሆኖ ይገኛል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ጨው የሚመረተው በዚሁ መንገድ ነው።

በረከቦቱ አጠገብ ያለውና ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ለውጥ ግን በከሰል ምድጃው፥ በአሥመራ ፈርኔሎ በሚባለው ውስጥ ያለው ነው። አንድ ሙሉ ምድጃ ከሰል ነዶ ሲያበቃ የሚቀረው እፍኝ የማይሞላ ዐመድ ነው። የቀረውስ ወዴት ሄደ? ላቩዋዚዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1789 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነገር በለውጥ ጊዜ መልኩን ይለውጣል እንጂ መጠኑ እንደማይጠፋ አስረድቷል። ስለዚህ ከሰሉ አልጠፋም፤ ወደምንተነፍሰው አየር ገብቷል።

በቂ አየር ሲኖር 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየሩ ሲያንስ ግን ያው 12 ግራም ካርቦን የሚያገኘው ኦክሲጅን 16 ግራም ብቻ ሲሆን፥ የሚወጣው 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ነው። ኦክሲጅንን በሰውነታችን የሚያመላልሰው የደም ክፍል ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህም ምክንያት ሰውነት ኦክሲጅን ያጣል። ራስ ይመታል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ በተኛበት ሊሞት ይችላል።

ብዙ ሰዎች ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ቀልቶ ከፈመ በኋላ ጉዳት የለውም ይላሉ። ይህ አደገኛ አሳብ ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ቢያልቅም የማይታየው ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም። ፍሙን በዐመድ ማዳፈንም አየሩን ያሳንሰዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ጨው ቢነሰንሱበት አይከለክለውም፤ ዕጣን ቢያጤሱበትም መዓዛው ቤቱን ያሸትተዋል እንጂ አየሩን አያነጻውም።

ስለዚህ ከሰል በደጅ ተያይዞ በሚገባ ከፈመ በኋላ ወደ ቤት ይግባ። በቤት ውስጥ ሳለም በርና መስኮት ይከፈት። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ለሙቀት ተብሎ በመኝታ ቤት ፈጽሞ አይደር። ክረምት በበረታበት ደጋ አገር ሕፃናትና አራሶች ከብርድ እንዲጠበቁ በማሰብ በሩን ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነውና ይህ ምክር ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ራሱን የታመመ ወይም የደከመ ሰው ከተገኘ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የሟሟው ስኳር ውሃው ሲተን ይገኛል፤ የቀለጠው ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በኬሚካዊ ለውጥ የሄደው ግን በአብዛኛው በቤታችን ብልሃት አይመለስም፤ የጠፋ ሕይወትማ ከቶ አይመለስም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይስማማል፤ የመከላከያው ጊዜ ከለውጡ በፊት ነውና።